«ሌሎች» የተባለው ጠረጴዛ

ዘጠነኛ ክፍል ስትደርሱ ትምህርት ቤታችን አንድ ቅጽ ይሰጣችኋል። ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ የምትማሩትን የምትመርጡበት ነው። የኔ ቅጽ መጨረሻ ላይ ሁለት ሳጥን ነበር። አንዱ «ኮምፒውተር» ይላል፣ ሌላው «እርሻ»። ከሁለቱ አንዱ ላይ ብቻ ምልክት ይደረጋል፣ ከታች ወላጅ ይፈርማል፣ ከዚያ ለመምህሯ ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህች አንዲት ወረቀት ምክንያት እኔና አባዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ ሱቅ ውስጥ ተኳርፈን ከረምን።

አባዬ ቅጹን እስከ መጨረሻው እንኳ አላነበበውም። ጣቱን «ኮምፒውተር» ላይ አሳርፎ «ይኼ» አለ።

«እኔ ግን እርሻ ነው የምፈልገው።»

ሳቀ። የምሩን ነው የሳቀው፣ ባንኮኒውን ተደግፎ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እኔ ከሆሳዕና ገጠር ተነስቼ፣ በመኪናም በእግርም እያልኩ እዚህ ድረስ የመጣሁት ከአፈር ለማምለጥ ነው። አንቺ ደግሞ ደብተር ይዘሽ ልትመለሺበት?»

«አባዬ፣ መቆፈር አይደለም እኮ። ሳይንስ ነው።»

«አፈር አፈር ነው። ውሸታም ነው። ስንት ዓመት ደክመሽበት በአንድ ክረምት ይክድሻል። ኮምፒውተር ወንበር አለው። ጥላ አለው።»

እማዬ ከዳቦው መደርደሪያ ጀርባ ሆና «ተዋት፣ ገና ልጅ ናት፣ ነገ ትረሳዋለች» አለች። ይሄ ደግሞ ከአባዬ ሳቅ የባሰ አናደደኝ። ልጅ ስለሆንኩ አይደለም እርሻ ያልኩት! ምክንያት ነበረኝ። ምክንያቴ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ጭቃ የነካው ቦት ጫማ አድርጋ፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበትን ጸጉሯን በአንድ ጉንጉን ጠቅልላ ሱቃችን መስኮት ላይ የምትቆም ሴት ነበረች።

ሱቃችን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ነው። እንደማንኛውም ስፓዛ፣ እዚህ የሰፈር ሱቅ እንዲህ ይባላል፣ የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት አለው፣ እኛ ከውስጥ እንሸጣለን፣ ሰው ከውጭ ይገዛል። ደንበኞቻችን አባዬን «ማይ ፍሬንድ» ይሉታል፣ እሱም መልሶ «ማይ ፍሬንድ» ይላቸዋል፣ ስለዚህ ስም የሚባል ነገር በዚያ መስኮት አልፎ አያውቅም። ከትምህርት ቤት መልስ መስኮቱን የምረከበው እኔ ነኝ። ለትልልቆቹ ሴቶች «ሳውቦና ጎጎ»፣ ሰላም አያቴ፣ ብዬ በዙሉ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር በእንግሊዝኛ እሳሳቃለሁ፣ ከእናት ከአባቴ ጋር በአማርኛ እጨቃጨቃለሁ። እነሱ ደግሞ እኔ እንዳልሰማ ሲፈልጉ ወደ ሀዲይኛ ይገባሉ። ግማሹን እንደምሰማ እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ሴትየዋ መጀመሪያ የመጣች ቀን የየት አገር ሰው እንደሆነች ማወቅ አቃተኝ። ሕንድ ናት ስል ሕንድ አትመስልም። እንግሊዝኛዋ ላይ «ር» ስትደርስ ምላሷ ይንከባለላል።

«በቆሎ አለሽ?» አለችኝ።

በቆሎ የሌለው ስፓዛ የት አለ! በኩራት ትልቁን የሳምፕ ከረጢት አንስቼ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁላት። ሳምፕ ማለት ተፈትጎ የተከካ በቆሎ ነው፣ እዚህ አገር ከቦሎቄ ጋር ቀቅለው ይበሉታል። ሴትየዋ ከረጢቱን በጣቶቿ ዳሰሰችው። ፊቷ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ሆነ።

«ሚሃ፣ ይሄንንማ ልብሱን ገፈውታል» አለች። ሚሃ በስፓኒሽ «ልጄ» ማለት ነው። ያን ቀን ግን የሰደበችኝ መስሎኝ ነበር።

«የምን ልብስ?»

«ቆዳውን። እኔ ከነልብሱ ነው የምፈልገው። የማወልቅለት እኔ ነኝ፣ በኖራ ውሃ።»

«ግድግዳ በሚቀባው ኖራ? ኖራ ትበያለሽ?» አልኳት፣ ሳላስበው አመለጠኝ።

«ከቅድመ አያቶቼ ጀምሮ ስንበላ ኖረናል። ይኸው አለሁ።»

እዚያው ቆማ አስረዳችኝ። አገሯ ሜክሲኮ ነው። እዚያ ደረቅ በቆሎ በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያድራል፣ ጠዋት ሲታሽ ቆዳው እንደ ቀሚስ ይወልቃል፣ ከዚያ ይፈጭና ስስ ቂጣ ይጋገራል። ኖራው ደግሞ በቆሎው ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠውን ቫይታሚን ይፈታዋል፤ በቆሎን እንዲሁ ቀቅሎ ብቻውን የሚበላ ሰው ግን ሆዱ ቢሞላም ሊታመም ይችላል። «ይሄን ያወቁት ማይክሮስኮፕ አይተው የማያውቁ ሴቶች ናቸው» አለችኝ። ከኋላዋ ሰልፉ ረዝሞ መንገድ ዘግቷል። አንዲት ጎጎ «ሲሲ፣ እኛ የመጣነው ለዳቦ ነው!» ብላ ጮኸች። ሴትየዋ ዞር ብላ ይቅርታ ጠየቀችና ለጎጎም ስለ ኖራው መንገር ጀመረች። ጎጎ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፣ በኋላ ግን ዳቦዋን ከገዛች በኋላ እንኳ አልሄደችም።

እንደዚህ ነው የተዋወቅነው። ከሰፈራችን በስተደቡብ፣ ታክሲዎቹ የማይደርሱበት መንገድ ዳር አንድ የምርምር እርሻ አለ። እሷ እዚያ በቆሎ ታዳቅላለች። ከሷ ሌላ ስፓኒሽ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች አብረዋት ይሠራሉ፣ አንድ የፔሩ ሰው ድንች ላይ፣ አንድ የኮሎምቢያ ሰው ደግሞ የዕፅዋት በሽታ ላይ። እርስ በርሳቸው «ኢንሄ» ነው የሚባባሉት። ኢንሄ የ«ኢንጂነር» ቁልምጫ ነው፣ ምክንያቱም በነሱ አገር እርሻ በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኢንጂነር ይባላል። ይሄን ለአባዬ ስነግረው ሌላ ዙር ሳቅ መጣ።

«የምን ኢንጂነር? የድንች?»

«አዎ፣ አንዱ የድንች ነው።»

አባዬ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እማዬን አስፈቅጄ አንድ ከሰዓት ሴትየዋ ወስዳኝ የዘር መጋዘኑን አይቻለሁ እኮ! መደርደሪያ በመደርደሪያ ላይ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ብልቃጥ፤ ነጭ በቆሎ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ደግሞ ሰማያዊ! ሰማያዊ በቆሎ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀለም የተቀባ መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅኩት። «ይሄ የአያቴ ነው» አለችኝ። አያቷ ማንበብ አትችልም ነበር፣ ግን ከመቶ ዛላ መካከል ለዘር የሚሆነውን በእጇ መዝና ታውቅ ነበር። ዶክትሬቷን የያዘችው አያቷ ለምን እንደማትሳሳት ለማወቅ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ በዚያች ደቂቃ ቆረጥኩ። ወንበሩም ጥላውም ይቅርብኝ!

መስከረም ላይ የቅርስ ቀን መጣ። እዚህ አገር በቅርስ ቀን ሰው ሁሉ የአያቱን ልብስ ለብሶ ሥጋ ይጠብሳል። እርሻው ላይም የሠራተኛ ቤተሰብ ተጠርቶ ቅዳሜ ይከበራል፣ ለየብሔሩ ጠረጴዛ ይዘጋጃል። ሐሙስ ዕለት ኢንሄ (እኔም እንደነሱ ነው የምጠራት) ወደ መስኮታችን ስትመጣ ጉንጉኗ ራሱ የተቆጣ ይመስል ነበር።

«ዘንድሮም ‹ሌሎች› ብለውናል» አለችኝ። «ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ! ዙሉ ጠረጴዛ አለው፣ ሶቶ አለው፣ ቬንዳ አለው፣ ቦር የሚባሉት ነጮች እንኳ አላቸው። እኛ በመጨረሻ፣ ትራክተር ማቆሚያው አጠገብ፣ ‹ሌሎች›። አምና አኩርፈን ሥጋ በልተን ሄድን። ዘንድሮ አናኮርፍም። እናበስላለን!»

«ሌሎች» ምን እንደሆነ ለኔ ማን ይነግረኛል? ትምህርት ቤት የሞላሁት ቅጽ ሁሉ ላይ የምገባበት ሳጥን እኮ ነው። «እኛስ ሌሎች አይደለንም?» አልኳት።

«ናችሁ እንጂ! ኑ!»

ለስላሳውን፣ ከሰሉንና ሳህኑን ከኛ አዘዘች፣ ስለዚህ አባዬ በባኪው፣ በትንሿ የጭነት መኪናችን፣ ማድረስ ነበረበት። እማዬ ሱቅ ትጠብቃለች። አባዬ «አራግፈን እንመለሳለን፣ አንድ ሰዓት አንቆይም» ብሎ አስማለኝ። ማልኩ። ከመውጣታችን በፊት ግን ቅጹን አውጥቼ፣ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ፣ «እርሻ» ላይ ምልክት አድርጌ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ደስ ሲል!

ስንደርስ ነፋሱ ከባዶው ማሳ ላይ ቀይ አቧራ እያመጣ ጠረጴዛዎቹ ላይ ይበትናል። በየጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ካርቶን ቆሟል። መጨረሻ ላይ፣ በእርግጥም ትራክተሮቹ አጠገብ፣ «ሌሎች» ይላል። ኢንሄ አንገቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ አበባ የተጠለፈበት ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፣ ከታች ያው ቦት ጫማዋን። የፔሩው ሰው ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብ አድርጎ በዚያ ፀሐይ ያልበዋል። የኮሎምቢያው ከሸምበቆ የተሠራ ጥቁርና ነጭ ባርኔጣ ደፍቷል፣ ጢሙም ሽበታም ነው።

ኢንሄ ከኪሷ ወፍራም ማርከር አወጣች፣ ካርቶኑን ገልብጣ በትልልቁ ጻፈችበት። «በቆሎ የሰጠናችሁ ሰዎች»።

ወዲያው ሁሉም ሰው ሊያነብ መጣ። የእርሻው ኃላፊ፣ ካኪ ቁምጣ የለበሰ ረጅም ሰውዬ፣ እየሳቀ ቀረበ።

«እንዴት ነው ነገሩ? ፓፕ የኛ ነው እኮ!» ፓፕ እዚህ አገር በየቀኑ የሚበላ የበቆሎ ገንፎ ነው።

«አበሳሰሉ የናንተ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ» አለችው። «በቆሎው ግን ከኛ መንደር ነው የመጣው። ካላመንክ ቤተ ሙከራህን ጠይቅ፣ ደሞዝ የምትከፍለኝ ለዚሁ ነው።»

የዙሉ ጠረጴዛ ሴቶች እልል አሉ። አንዷ «እንግዲያው እናታችን ናት!» ብላ ፓፕ የሞላ ሳህን ይዛላት መጣች። ኃላፊው እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። ካርቶኑን ግን ማንም አልነካውም።

አባዬ የመጨረሻውን የለስላሳ ሳጥን አውርዶ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ «በይ እንሂድ» አለኝ። ኢንሄ ቁልፉን አይታ ገባት መሰለኝ። ወንበር ስባ ከኋላው አስቀመጠችለት። ጨዋ ሰው የቀረበለትን ወንበር ጥሎ አይሄድም። ተቀመጠ።

ምግብ ከመነካቱ በፊት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። እያንዳንዱ ከአገሩ ማሳ የመጣ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ከማን እጅ እንደተቀበለውም ይናገራል። እኔ ለአባዬ በጆሮው እየተረጎምኩለት ነው፣ የሱ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው። የፔሩው ሰው በመሐረብ ተጠቅልሎ የደረቀ ትንሽ ጥቁር ድንች አስቀመጠ። አጎቱ ተራራ ላይ ሌሊት በብርድ አድርቆ፣ ቀን በእግሩ ረግጦ ለዓመታት የሚቀመጥ ድንች ይሠራ እንደነበር ተናገረ። ኢንሄ የአያቷን ሰማያዊ ዛላ አኖረች። የኮሎምቢያው ሰው በቆዳ ሰገባ ውስጥ ያለ ገጀራ አስቀመጠ።

«አባቴ በሰው እርሻ ላይ ሙዝ ቆራጭ ነበር» አለ። «ሁለት ነገር አስተማረኝ። ገጀራውን መሳልና ገጀራውን ማጠብ። ሰዎች ኢንጂነር ሲሉኝ ኮሌጅ የገባሁ ቀን የጀመርኩ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የጀመርኩት ከአባቴ ጀርባ ነው።»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ምን ላድርግ። አባዬ ግን እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ጌታው፣ እርስዎስ?» አለችው ኢንሄ።

«እኔ ባለ ሱቅ ነኝ» አላት በእንግሊዝኛ።

«ምንም አላመጡም?»

እማዬ ለኢንሄ የላከችውን ሚጥሚጣ ከኪሱ አውጥቶ አስቀመጠ። «ይሄ የኛ ነው።»

ኢንሄ ብልቃጡን ከፍታ አሸተተች፣ ዓይኗ አበራ። «በጣም ግሩም ነው! ግን በርበሬውም ከኛ ነው የሄደው።»

አባዬ ወደኔ ዞረ። «ምን አለች?»

«በርበሬም ከኛ ነው አለች።»

«ቲማቲሙስ?»

«እሱም ከኛ» አለች ኢንሄ፣ ቃሉን ሰምታ።

«ቦሎቄው?» ይሄንን እኔ ተረጎምኩላት።

«እሱም!» ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ።

አባዬ ሲናደድ መጀመሪያ ጆሮው ነው የሚቀላው። ተነሳ። የጥብስ ማገላበጫ እንጨት አነሳና መሬቱ ላይ፣ ቀዩ አቧራ ላይ፣ መሣል ጀመረ። «እንሰትስ? በያት! እንሰት የማን ነው በያት!»

አልኳት። ማናቸውም ስለ እንሰት ከመጽሐፍ በቀር አያውቁም። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ከአፈር አመለጥኩ የሚለው አባቴ፣ ቀን ሙሉ «ማይ ፍሬንድ» ከማለት በቀር በእንግሊዝኛ ብዙ የማይናገረው አባቴ፣ እንደ ፕሮፌሰር ሆነ። እንሰቱ ቤቱን ከቦ እንዴት እንደሚተከል ሣለ። ችግኙ ከአንዱ ግንድ እንዴት በብዙ እንደሚፈላ፣ ስንት ጊዜ ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚዛወር፣ ሴቶቹ ግንዱን እንዴት እንደሚፍቁት፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እንዴት እንደሚብላላ፣ በድርቅ ዘመን እንኳ እንዴት ቆሞ እንደሚጠብቃቸው። እኔ ትርጉሙን ማድረስ አቃተኝ። ዶክትሬት ያላቸው ሰዎች አቧራው ላይ ቁጢጥ ብለው ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ። የዙሉ ጠረጴዛ ሴቶች ሳይቀሩ ከበውናል። «ቀስ በይ፣ ሚሃ፣ ያቺን ድገሚልኝ» ይሉኛል። አባዬ «እንደዚህ አይደለም ያልኩት፣ ደግመሽ ንገሪያቸው» እያለ ይቆጣኛል። በሕይወቴ ተቆጥተውኝ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም!

የኮሎምቢያው ሰው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሥዕሉን ሲያይ ቆየ። «ይሄ የኔ ሙዝ ዘመድ ነው» አለ። «ይታመማል?»

ተረጎምኩ። አባዬ እንጨቱን አቆመ።

«ይታመማል» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «የኛ ታሟል። መሀሉ ላይ ያለው ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል፣ ከዚያ ሁሉም። ስትቆርጪው እንደ መግል ያለ ይወጣዋል። የአባቴ ጓሮ በአንድ ክረምት አለቀ። እኔና ወንድሜ የታመመውን ቶሎ ቶሎ እየቆረጥን እንጥል ነበር፣ የዳነውን ደግሞ ደረቅ ደረቁን ቅጠል እየመለመልን እናጸዳ ነበር። ሌት ተቀን ሠራን። ያው ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ወጣሁ።»

አባዬ ለምን እንደተሰደደ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሰው ለሥራ ይሰደዳል ብዬ ነበር የማስበው።

ተርጉሜ ስጨርስ የኮሎምቢያው ሰው እጁን ጠረጴዛው ላይ ባለው ገጀራ ላይ አሳረፈ።

«በምን ነበር የምትቆርጡት ብለሽ ጠይቂው።»

«በቢላዋ» አለ አባዬ።

«የታመመውንም፣ የዳነውንም፣ በአንዱ ቢላዋ?»

የዚህ ሰው ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶኝ ነበር። መተርጎም አልፈለግሁም። አባዬ ግን ፊቴን እያየ ነው። «ምን አለ? ተናገሪ።»

«አባዬ፣ በሽታው በቢላዋው ላይ ይሄዳል ይላል። ከታመመው ወደ ደህናው። እነሱ አገርም እንደዚህ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት ገጀራውን ያጥባሉ ይላል።»

አባዬ መሬት ላይ የሣለውን ጓሮ አየ። ብዙ አየው።

«ማንም አልነገረን» አለ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ «በምን ነው የሚያጥቡት?»

«በበረኪና። ወይም በእሳት ያሳልፉታል።»

«በረኪና» አለ አባዬ። በረኪና እኮ ሱቃችን መደርደሪያ ላይ ሞልቷል። እንጨቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ ባኪው ሄደ፣ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ልከተለው ስነሳ የኮሎምቢያው ሰው ቀደመኝ። ባርኔጣውን አውልቆ በባኪው መስኮት በኩል ቆመ። በምን ቋንቋ እንደተነጋገሩ አላውቅም፣ ተርጓሚዋ እኔ እዚህ ቆሜያለሁ። በእጃቸው ሲያወሩ ነው ያየሁት። ሰውዬው ደረቱን ነካ፣ ከዚያ በእጁ የመቁረጥ ምልክት አሳየ፣ እንደገና ደረቱን ነካ። በኋላ ስጠይቀው «እኛም ሳናውቅ በገዛ እጃችን ነው የጨረስነው አልኩት» አለኝ።

ከባኪው አብረው ተመለሱ። ሙዚቃ ተከፍቶ ነበር። ኢንሄ በቦት ጫማዋ መሬቱን እየደበደበች ትጨፍራለች፣ ቬንዳዎቹ ከበሮ አምጥተው ከሱ ጋር አጋጥመውታል፣ ኃላፊው ራሱ በቁምጣው ይዘላል። አባዬ አልጨፈረም፣ እሱ ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ እጁን ብቻ ነው የሚያነሳው። ግን ከኢንሄ እጅ የበቆሎ ቂጣ ተቀብሎ በሚጥሚጣ በላ፣ ሁለት ደግሞ ለእማዬ በወረቀት አስጠቀለለ። አንድ ሰዓት አንቆይም ብለን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የወጣነው።

መንገድ ላይ «አባዬ፣ ቅጹ…» አልኩ።

«ዛሬ አይደለም።»

«ሰኞ እኮ ነው የሚመለሰው።»

«ዛሬ አይደለም አልኩሽ።»

እሺ። እኔም ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ቅጹ ያለበትን ኪስ ያዝኩ። ከፈረመ ፈረመ። ካልፈረመ ያንን ምልክት ራሱ በእጁ ሰርዞ፣ «ኮምፒውተር» ላይ ራሱ በእጁ ያድርግ። እኔ አልሰርዘውም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁን ከፈትን። አባዬ ገና ልብሱን ሳይቀይር፣ በእሑድ ሸሚዙ፣ አገር ቤት ያለ ታናሽ ወንድሙ ጋ ደወለ። በሀዲይኛ ነው። እኔ መስኮቱ ላይ ዳቦ እየሸጥኩ ግማሹን እየሰማሁ ነው። አጎቴ እንሰቱን እንደገና ተክሎታል፣ ዘንድሮም ሦስቱ ጠውልገውበታል። አባዬ በጩኸት ነው የሚያወራው፣ ስልኩ ሳይሆን ድምፁ አገር ቤት የሚደርስ ይመስል።

«ቢላዋውን! ቢላዋውን ነው የምልህ! ከታመመው ወደ ደህናው አትውሰደው!»

ከወዲያ አጎቴ ሲጮህ ይሰማኛል። «ማን ነገረህ?»

አባዬ ዞር ብሎ አየኝ።

«ልጄ» አለው። «ልጄ ናት። እርሻ ነው የምትማረው።»

እኔ አይደለሁም የነገርኩት! የኮሎምቢያው ሰው ነው! አፌን ልከፍት ስል እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። እኔም አፌን መክፈት ትቼ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ቅጹን ባንኮኒው ላይ፣ ከአባዬ ነጻ እጅ አጠገብ አኖርኩ፣ ከላዩ ላይ እስክሪብቶ።

ምልክቱን አየው። «ማን አድርጊ አለሽ?»

«ማንም።»

«በእስክሪብቶ?»

«በእስክሪብቶ።»

ወንድሙን «አንዴ ቆየኝ» አለው። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ ፈረመ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በችኮላ፣ ከመስመሩ ወጥቶ ሳጥኖቹ ላይ እስኪደርስ። መስኮቱ ላይ የቆመው ደንበኛ «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦዬ!» ይላል። እማዬ ዳቦውን ሰጠችው። እኔ ቅጹን ቀለሙ ሳይደርቅ ነጠቅኩት።

«እንኪ» አለኝ አባዬ፣ ስልኩን በፍርግርጉ አጠገብ እየዘረጋልኝ። «አጎትሽ ጥያቄ አለው።»

«እኔን?»

«አንቺን።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። አጎቴን በፎቶ ካልሆነ አይቼው አላውቅም። ለኔ ሲል አማርኛ ተናገረ። «በረኪናውን ከውሃ ጋር ስንት በስንት ነው የምቀላቅለው፣ ልጄ? ቢላዋውስ ስንት ደቂቃ ይቆይ?»

አባዬ ክንዱን አጣምሮ እያየኝ ነው።

«አላውቅም» አልኩት አጎቴን። «ገና አላውቅም። ግን ጠይቄ ራሴ እደውልልሃለሁ። እስከዚያ በእሳት አሳልፈው።»